ስለ ገና ስጦታ

ልጆች ሆይ፤ ስጦታ ማለት ሰው ካለው ነገር ከፍሎ፣ ዋጋ ሳይጠይቅ፣ በፍቅር ለሌላው የሚሰጠው ነው። የሚሸጥ ሰው ትርፉን ያስባል፤ የሚሰጥ ሰው ግን የሚቀበለውን ሰው ያስባል። ስለዚህ ስጦታን መምረጥ የልብም የአእምሮም ሥራ ነው። ልብ ብቻውን ቢመርጥ ያለውን ሁሉ አባክኖ ይጨርሳል፤ አእምሮ ብቻውን ቢመርጥ ደግሞ ምንም ሳይሰጥ ይቀራል።

የልደት በዓል በአገራችን ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ይውላል። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ሲጾም የቆየው ሰው በዚያ ቀን ጾሙን ይፈታል። ጐረምሶችና ልጆችም ወደ ሜዳ ወጥተው፣ ጫፉ በቆለመመ በትር ሩሩን እየመቱ ገና ይጫወታሉ። በዚህ ጨዋታ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው እንደሚሰለፉ፣ ጌታውም ቢመታ እንደማይቆጣ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል።

በመጀመሪያው የልደት ቀን የሆነውን አስቡ። ሰብአ ሰገል ከሩቅ አገር ወርቅና ዕጣን ከርቤም ይዘው መጡ። እረኞቹ ግን ምን ይዘው እንደ መጡ በወንጌል አልተጻፈም፤ ፈጥነው መምጣታቸውና ደስ መሰኘታቸው ብቻ ተጻፈ። ባለ ወርቁ ወርቁን ሰጠ፤ እረኛውም ራሱ መጣ። ከሁለቱም ወገን የሌለውን ተበድሮ የመጣ አልነበረም።

እንግዲህ መልካም ስጦታ በሦስት ነገር ይመዘናል። አንደኛ፣ ሰጪውን የማያደኸይ ይሁን። ሁለተኛ፣ የተገኘበትን ምንጭ የማያደርቅ ይሁን። ሦስተኛ፣ የሚቀበለውን ሰው የሚጠቅም ይሁን። እነዚህን ሦስቱን በየተራ እንመልከት።

አንደኛ፤ ሰጪውን የማያደኸይ ይሁን።

በመንዝና በግሼ ደጋ ብርዱ ጽኑ ነው። ውርጭ የወረደ እንደ ሆነ ያማረው አዝመራ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ስለዚህ ብዙው ገበሬ ብርድን በሚችለው በገብስ ይኖራል፤ ገብሱም በክረምት ብቻ ሳይሆን በበልግም ይዘራል። የበልግ ዘር የሚዘራው ገና ካለፈ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። እንግዲህ በገና ዋዜማ በጐተራው ጥግ የተቀመጠው ገብስ ትርፍ እህል ይመስላል እንጂ፣ የነገው እንጀራ ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንናገር። ሁለት ጐረቤታሞች ነበሩ። አንደኛው የጐረቤቶቹን ዓይን ፈርቶ፣ «ልጆቼ በበዓል ቀን ከሰው ልጅ አንሰው አይታዩም» አለና የዘሩን ገብስ ወደ ገበያ አወጣ። በዋጋውም የሚያብለጨልጭ ልብስና ከሩቅ አገር የመጣ መጫወቻ ገዛ። ልጆቹም በዚያ ቀን እጅግ ደስ አላቸው። የበልግ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ግን በሬዎቹን ጠምዶ የሚዘራው ዘር አጣ። ዘርም ተበደረ፤ በአዝመራው ጊዜ የተበደረውን ከነወለዱ ከፍሎ ሲጨርስ ለቤቱ የተረፈው ጥቂት ነበር። መጫወቻው ከተሰበረ ወራት አልፈው ነበር፤ ዕዳው ግን ገና አላለቀም ነበር።

ሁለተኛው ጐረቤት ዘሩን አልነካም። ሚስቱ የበጐቻቸውን ጠጕር ፈትላ ነበርና በሸማኔ አሠርተው ለልጆቻቸው አንድ ወፍራም ባና ሰጧቸው። በገና ቀን ያን ባና ያደነቀው ሰው አልነበረም። የሚቀጥለው ዓመት ውርጭ በመጣ ጊዜ ግን ልጆቹ ከባናው በታች ሞቋቸው ተኙ።

በሬ ሳሩን አይቶ ገደሉን አያይም ይባላል። በዓልን አይቶ ከበዓል በኋላ ያለውን ቀን የማያይ ሰውም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፤ ምንጩን የማያደርቅ ይሁን።

በግ ታርዶ ቢሰጥ ስጦታው አንድ ጊዜ ተበልቶ ያልቃል። ጠጕሩ ቢሸለት ግን በጉ ይኖራል፤ ጠጕሩም ዳግመኛ ያድጋል። የመንዝ ሰዎች ይህን ከጥንት አውቀው፣ ከበጋቸው ጠጕር ባናና ዝተት በርኖስም ይሠራሉ። ይህ የደጋው ጥበብ ነው፤ ምንጩም አይደርቅም።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ምስክር ደግሞ አለ። በመንዝ ከመሐል ሜዳ አጠገብ ጓሳ የሚባል ሰፊ አምባ አለ። ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት ሣር ነው። በዚህ ሣር ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ለዝናብም የሚለበሰው ገሳ ይሠራበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም በዚያ ይኖራሉ። የአገሩ አባቶች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይህን ሣር ይጠብቁት ነበር። ሣሩ እስኪያድግ ድረስ 3 ወይም 5 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ አምባው ተዘግቶ ይቆያል፤ ጊዜው ሲደርስ ሁሉም በአንድነት ወጥቶ ያጭዳል። ከቀኑ በፊት ያጨደ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ልክ መታጨድ ጀመረ። በኋላ ግን የአገሩ ሰዎች ጉዳቱን አይተው አዲስ ደንብ አወጡና ጥበቃውን መለሱት። እነዚያ አባቶች ለእኛ የተዉልን ስጦታ ሣር ብቻ አይደለም፤ ለሚመጣው ትውልድ ማስቀረትን ነው።

አሁን በከተሞች ለገና በዓል የጥድ ዛፍ ቈርጦ በቤት ውስጥ ማቆም የተለመደ ሆኗል። የአገራችን ጥድ ግን ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አይደለም። ብዙ ዓመት ያደገው በአንድ ቀን ይቈረጣል፤ በዓሉም ካለፈ በኋላ ደርቆ ይጣላል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከሰሜን ሸዋው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ እንዳስተከሉ ይነገራል። ያ ደን ከአዲስ አበባ ምዕራብ ዛሬም አለ። እነሆ፣ አንድ እፍኝ ዘር ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ጥላ ሲሰጥ ይኖራል፤ የተቈረጠው ዛፍ ግን እስከ ጥምቀት እንኳ አይቈይም።

ሦስተኛ፤ ተቀባዩን የሚጠቅም ይሁን።

በገበያ ከፕላስቲክ የተሠራ ብዙ ርካሽ ዕቃ ይሸጣል። ርካሽ የሆነ ሁሉ ግን አይረክስም ማለት አይደለም። በሳምንቱ የሚሰበር ዕቃ በትንሽ ዋጋ ቢገዛም ውድ ነው፤ ብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ግን ዋጋው ከፍ ቢልም ርካሽ ነው። ደግሞም የተሰበረው ፕላስቲክ አይበሰብስም፤ በየሜዳው ወድቆ ይቀራል፤ ከብትም ከሣር ጋራ ቢውጠው ይታመማል፤ ይሞታልም።

ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት የምትሰጡትን ሰው ሕይወት ተመልከቱ። ለእረኛ ገሳ፣ ለአረጋዊት ደረቅ ማገዶ፣ ለተማሪ ደብተርና እርሳስ፣ አራስ ላለችበት ቤት ዱቄትና ቅቤ ከሚያብለጨልጭ ዕቃ ሁሉ ይበልጣሉ።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፣ «እኔ ገንዘብ የለኝም፤ ምን እሰጣለሁ?» ይል ይሆናል። ልጄ ሆይ፤ ገንዘብ የሌለው ሁሉ ባዶ እጅ አይደለም። ማንበብ ተምረሃል፤ ፊደል ለማያውቁት አያትህ ከሩቅ የመጣላቸውን ደብዳቤ አንብብላቸው፤ መልሱንም ጻፍላቸው። እኅትህ በየቀኑ ውሃ ትቀዳለች፤ በበዓሉ ሳምንት አንተ ቅዳላት። የገና በትር ስትሻ ለጋውን ዛፍ ከሥሩ አትቍረጥ፤ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ውሰድ፤ ለታናሽ ወንድምህም ጠርበህ ስጠው። ዛፍ ለመስጠት ብትወድ ደግሞ ታኅሣሥ ደረቅ ወር ነውና ዘሩን አስቀምጥ፤ ክረምት ሲገባ በአያትህ ደጅ ትከልላቸው።

የስጦታን ትንሽነት አትፈሩ። የምታፍሩበትስ ነገር ቢኖር ከሌላው ሰው እጅ ወይም ከነገው ቀን ነጥቆ መስጠት ይሁን። ዘሩ በጐተራው፣ ዛፉ በሥሩ፣ በጉም በመንጋው ሳለ የሚሰጥ ስጦታ ለሚመጣውም ዓመት ደግሞ ይሰጣል።

ጥያቄ።

1. ስጦታ በስንት ነገር ይመዘናል? እነርሱስ ምንና ምን ናቸው?
2. የመጀመሪያው ጐረቤት ልጆቹን ይወድ ነበርን? ታዲያ ስሕተቱ ምን ላይ ነው?
3. የጓሳ ሣር ለብዙ ዓመት ሳይጠፋ የኖረው በምን ምክንያት ነው?
4. ያለ ገንዘብ ልትሰጡ የምትችሉትን ሦስት ስጦታ ጻፉ፤ ለማን እንደምትሰጡትም ተናገሩ።