ከመቆፈር በፊት፦ ስለ ቁፋሮ ፈቃድና ስለ አፈር ክምችት

ኩሬ ለማውጣት፣ ምንጭ ለማጎልበት ወይም ለጤና ኬላ መሠረት ለመጣል ስንነሣ አስቀድመን የምንነካው አፈሩን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ቦታው የአጥቢያው ይዞታ ቢሆንም እንኳ ቁፋሮው ሊጀመር የሚገባው የወረዳው መሬት አስተዳደር በጽሑፍ ከፈቀደ በኋላ ነው።

ማመልከቻችን አራት ነገሮችን ለይቶ ይግለጥ፦ የቁፋሮውን ስፋትና ጥልቀት፣ የሚወጣው አፈር የሚከመርበትን ቦታ፣ ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ፣ መሬቱ መልሶ የሚያገግምበትን መንገድ። ከእነዚህ በተለይ ሁለተኛው ሊዘነጋ አይገባም። በተዳፋት ላይ የተከመረ አፈር ክረምት ሲገባ በጎርፍ ተንዶ ከታች ያለውን ማሳ ሊቀብር፣ ምንጩንም ሊደፍን ይችላል። ያን ጊዜ ለበረከት የታሰበው ኩሬ የጎረቤታሞች ክርክር መነሻ ይሆናል።

ስለዚህ ለሙን የላይኛ አፈር ከሥረኛው ለይተን እናንሣ፤ ዘር የሚያበቅለው እርሱ ነውና። ክምሩ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ከፍ ብሎ ከተቆለለ ውስጡ አየር ያጣል። ከውኃ መውረጃ ይራቅ፤ ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይውጣለት፤ ለወራት የሚቆይ ከሆነም ሣር ይዘራበት። ሥራው ሲፈጸም አስቀድሞ የሥረኛው፣ በመጨረሻ የላይኛው አፈር ይመለሳል።

በጥንታውያን ገዳማትና አድባራት አካባቢ አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለብን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደሚደነግገው፣ በቁፋሮ ጊዜ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅና እንዳለ መጠበቅ ይኖርበታል። የሸክላ ስባሪም ሆነ የተጠረበ ድንጋይ ከታየ ዶማው እዚያው ይቁም። ይህን ግዴታ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለቆፋሪዎች ሁሉ እናስረዳ።