ሎጋሪዝም እና ሎጂክ ምን ማለት ናቸው?

በዛሬው የሒሳብ ዓምዳችን የሁለት ቃላትን ትርጉም ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

ቃላቱን ያየኋቸው ታላቅ ወንድሜ የሁለተኛ ደረጃ ደብተር ላይ ነው። ሁለቱም በ«ሎ» ስለሚጀምሩ አንድ ነገር መስለውኝ ነበር። አንድ ባይሆኑም ዘመዳሞች ናቸው። የመጡት «ሎጎስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ሎጎስ ቃል፣ ምክንያት፣ ሬሾ የሚሉ ትርጉሞች አሉት። «አሪትሞስ» ደግሞ ቁጥር ማለት ነው። ሁለቱን አጋጥሞ ሎጋሪዝም የሚል ስም ያወጣው ጆን ናፒየር የተባለ የስኮትላንድ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው በ1614 እ.ኤ.አ. ነው።

1. ሎጋሪዝም

2×2×2=8 መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሲያጥር 2³=8 ይሆናል። 2 ቤዝ፣ 3 ደግሞ ኤክስፖነንት ይባላል። ሎጋሪዝም ጥያቄውን ገልብጦ ይጠይቃል፦ «8ን ለማግኘት ስንት 2ቶችን እናባዛ?» መልሱ 3 ነው። ስለዚህ በቤዝ 2 የ8 ሎጋሪዝም 3 ነው። 10×10×10=1000 ስለሆነም በቤዝ 10 የ1000 ሎጋሪዝም 3 ነው። እዚህ ላይ መሄድም መመለስም ይቻላል።

2. ሎጂክ

በአማርኛ አመክንዮ ይባላል። ከምናውቀው ነገር ተነስተን ትክክለኛ መደምደሚያ ላይ የምንደርስበት መንገድ ነው። ዋናው ቃል «ከሆነ» ነው። ምሳሌ፦

ሀ. አንድ ሰው ጋምቤላ ከተማ ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። (እውነት)
ለ. አንድ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ ጋምቤላ ከተማ ነው። (ሐሰት፤ ኢታንግ ወይም ጅማ ሊሆን ይችላል)
ሐ. አንድ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ካልሆነ ጋምቤላ ከተማ የለም። (እውነት)

«ለ» ኮንቨርስ፣ «ሐ» ኮንትራፖዚቲቭ ይባላል። «ሀ» እውነት ከሆነ «ሐ»ም ሁልጊዜ እውነት ነው። «ለ» ግን እውነት ላይሆን ይችላል። እንደ ሎጋሪዝም ዝም ብሎ አይገለበጥም።

ይሄ ለፈተና ብቻ አይደለም። ባለፈው ክረምት ትንሹን ወንድሜን አተኮሰው። እናታችን መንገድ ሄዳ ነበር። እኔም «ወባ የታመመ ሰው ያተኩሰዋል፤ እሱን አተኩሶታል፤ ስለዚህ ወባ ነው» ብዬ ቤት የተረፈ የወባ ኪኒን ሰጠሁት። ሁለት ቀን ሙሉ አልተሻለውም፣ ትንፋሹም ፈጠነ። እናቴ እንደመጣች ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ከጣቱ ደም ወስደው ሲመረምሩ ወባ የለም፤ የሳምባ ምች ነበር። ነርሷ «ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም። ለምን ቶሎ አላመጣችሁትም?» ስትል መሬት መሬት አየሁ። ደግነቱ ታክሞ ዳነ።

ያኔ ኮንቨርስ የሚባል ቃል አላውቅም ነበር። የሠራሁት ስህተት ግን እሱ ነው። ትኩሳት ከወባም ከሌላ በሽታም ይመጣል። የቱ እንደሆነ የሚለየው ምርመራ ነው። ስለዚህ ያተኮሰው ሰው ቤት ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የተረፈ ኪኒን አትስጡት።

የዛሬው ጥያቄ፦ «ባሮ ላይ አዞ ከታየ አደጋ አለ። ዛሬ አዞ አልታየም። ስለዚህ አደጋ የለም።» ይህ ትክክል ነው? ምክንያታችሁን ጽፋችሁ የክበባችን ሣጥን ውስጥ ክተቱ። መልሱን እስክታውቁ ግን ውሃው ውስጥ እንዳትገቡ!