ሞገዱን በፒኮሰከንድ መከተል

ጥያቄው

ስልክ ጆሮ ላይ ሲሆን ከአንቴናው የሚወጣው ሞገድ ምን ያህሉ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል? መልሱ በማክስዌል እኩልታዎች ውስጥ አለ። ነገር ግን ቆዳ፣ አጥንትና አንጎል የተደራረቡበትን ቅርጽ በወረቀት ላይ ፈትቶ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ቦታውንም ጊዜውንም ቆራርሰን ለኮምፒውተር እንሰጣለን።

የዪ ፍርግርግ

እ.ኤ.አ. በ1966 ኬን ዪ ያሳተመው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ቦታውን በትናንሽ ኩቦች ከፋፈለ፤ የኤሌክትሪክ መስኩን በኩቡ ጠርዞች ላይ፣ የማግኔት መስኩን በገጾቹ መሃል አስቀመጠ። ይህ አቀማመጥ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። በአንድ ገጽ የሚያልፈው ማግኔታዊ መስክ ሲለወጥ በዙሪያው ኤሌክትሪክ መስክ እንደሚፈጠር ፋራዴይ አሳይቷል፤ በዪ ፍርግርግ ውስጥ እያንዳንዱ የማግኔት መስክ የሚከበበው በገጹ አራት ጠርዞች ነው። የፊዚክሱ ሕግ በቅርጹ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። በዚህ ዘርፍ ከዚህ የሚያምር ሐሳብ አላውቅም።

በጊዜም ሁለቱ መስኮች እንደ ሁለት እግር ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው በግማሽ እርምጃ ይቀድማል። አዲሱ ዋጋ ቀድሞ ከሚታወቁት ጎረቤቶቹ በቀጥታ ስለሚሰላ ግዙፍ የእኩልታ ስብስብ በአንድ ጊዜ መፍታት አያስፈልግም።

የጊዜ እርምጃው ለምን ይገደባል?

ተማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። በአንድ እርምጃ መረጃ በፍርግርጉ ላይ ከጎረቤት ኩብ አያልፍም። እርምጃው ረዝሞ እውነተኛው ሞገድ ከዚያ ርቆ ከሄደ ስሌቱ ሊከተለው አይችልም፤ ቁጥሮቹ ያለ ልክ እያደጉ ውጤቱን ያበላሹታል። ይህን ገደብ ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1928 አስቀምጠውታል።

በቁጥር እንየው። የ900 ሜጋኸርትዝ ሞገድ በአየር 33 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል፤ አንጎል ውስጥ ወደ 5 ሴንቲሜትር ያጥራል። ለሞገዱ ብቻ ቢሆን 5 ሚሊሜትር ኩብ ይበቃ ነበር፤ ቀጭኑ የጆሮ ቅርጽ ግን ወደ 1 ሚሊሜትር ያወርደናል። ለዚህ ኩብ የጊዜ እርምጃው ከ1.9 ፒኮሰከንድ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ሞገዱ አንድ ዙር እስኪጨርስ 580 ያህል እርምጃ ያስፈልጋል። ኩቡን በግማሽ ብናሳንሰው ኩቦቹ 8 እጥፍ፣ እርምጃዎቹ 2 እጥፍ፣ ሥራው 16 እጥፍ ይሆናል።

ዳርቻው

የኮምፒውተር ሜሞሪ ወሰን ስላለው ፍርግርጉም የሆነ ቦታ ላይ ማብቃት አለበት። ሞገዱ ፍርግርጉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ እንደ መስታወት ተንጸባርቆ እንዳይመለስ፣ ዣን ፒየር ቤረንዤ እ.ኤ.አ. በ1994 ሞገድ የሚውጥ የዳርቻ ንብርብር አቀረበ።

ውጤቱን ከማመን በፊት

ሶፍትዌሩ የሚያወጣው ባለቀለም ምስል ሁልጊዜ ያምራል፤ ስሌቱ ስህተት ሲሆንም ያምራል። ስለዚህ ኩቡን በግማሽ አሳንሳችሁ እንደገና አስሉ። መልሱ በጉልህ ከተለወጠ የመጀመሪያውን ውጤት ለማንም አታሳዩ።