መልእክትና ጸሐፊ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ በመጨረሻ ለቀረቡት ጥያቄዎችም መልስ ስጡ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አራት ዓመት በእንግሊዝ አገር በስደት ከቆዩ በኋላ በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. ካርቱም ገቡ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ እስከ ተከሉበት ጊዜ ድረስም በሱዳን ተቀመጡ። በእነዚያ ወራት ብዙ ሠራዊት አልነበራቸውም፤ ከሕዝባቸው ጋር የሚያገናኛቸው ዋናው መሣሪያ በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤና አዋጅ ነበር። ስለዚህ አብረዋቸው ከመጡት ጥቂት ሰዎች መካከል የጸሐፊነትን ሥራ የያዙት ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከባድ ኃላፊነት ነበረባቸው።

መልእክት ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር። የጎጃምና የበጌምድር አርበኞች መሣሪያ ይጠይቃሉ፤ የእንግሊዝ ሹማምንት ሐሳብ ይለዋወጣሉ፤ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ወደ ጎጃም ጕዞ የጀመረው የኮሎኔል ሳንድፎርድ ጓድ ደግሞ በሬዲዮ ወሬ ይልካል። ዘመኑ ክረምት፣ ወንዙ ሙላት፣ ደብዳቤ አድራሹም እግረኛ ስለ ነበር፣ የዘገየን ወይም የተሳሳተን ቃል መልሶ ማረም ቀላል አልነበረም። የጦር አለቆች እርስ በርሳቸው በሚፎካከሩበት አገር ለአንዱ ጽፎ ሌላውን መዘንጋትም ቅሬታን ያስከትላል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል፤ የብዕር ወለምታ ግን ከዚህም ይከፋል፤ በሰው እጅ ተቀምጦ ይኖራልና።

ይህ ሙያ በአገራችን የቆየ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሥን ቃል ይጽፋል፤ ማኅተሙንም ይጠብቃል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትርነቱን ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሰጡ። ወልደ ጊዮርጊስም ከነጻነት በኋላ በዚሁ ማዕረግ እስከ 1947 ዓ.ም. አገልግለዋል።

ዛሬ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጸሐፊ አብዛኛውን መልእክት የሚቀበለው በኢሜይል ነው። መሣሪያው ቢለወጥም የሥራው ሥርዓት አልተለወጠም። በመጀመሪያ ጸሐፊው ገቢውን መልእክት እንደ አመጣጡ ሳይሆን እንደ ጉዳዩ ክብደት ይለያል። ኃላፊው ራሱ የሚወስንበትን ያቀርብለታል፤ የሌላ ክፍል የሆነውን ወደዚያው ይመራል፤ ለማወቅ ያህል በግልባጭ የመጣውን በየፋይሉ ያኖራል። ሁለተኛ፣ መልሱ የሚዘገይ ከሆነ መልእክቱ መድረሱንና መልስ የሚሰጥበትን ቀን ለላኪው ያስታውቃል። ሦስተኛ፣ በኃላፊው ስም የሚጽፈው በተሰጠው ሥልጣን ልክ ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ሳያስፈቅድ አይልክም። በመጨረሻም የወጪውን ቅጂ ይይዛል፤ ምሥጢር ይጠብቃል።

እንግዲህ ያልተነበበ መልእክት አለመኖሩ ብቻ የመልካም ጸሐፊ ምልክት አይደለም። እውነተኛው ምልክት፣ በሌላው ጫፍ ሆኖ መልስ የሚጠባበቅ ሰው ሳይረሳ መቅረቱ ነው።

ሀ. ጥያቄዎች

1. በካርቱም ደብዳቤና አዋጅ ዋና መሣሪያ የሆኑት ለምንድን ነው?
2. «የብዕር ወለምታ» ከአፍ ወለምታ የሚከፋበትን ምክንያት አስረዱ።
3. ጸሐፊ ገቢ መልእክቶችን በስንት ዓይነት ይለያል? እያንዳንዱንስ ምን ያደርገዋል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር አስገብታችሁ ጻፉ።

ማኅተም፣ ግልባጭ፣ ቅሬታ፣ መዘንጋት