ሌጦ የማይበሳ ቢላ በአነስተኛ ዋጋ

ከጭነት መኪና ሲወርድ እግሩ የተሰበረ ፍየል ሲታረድ፣ ከሥጋው ሌላ ኪሳራውን የሚያካክሰው ሌጦው ነው። በቢላ የተበሳ ሌጦ ግን ደረጃው ይወርዳል፤ ዋጋውም እንዲሁ። ስለዚህ ቢላ ሲገዙ እነዚህን ይመልከቱ።

1. ቅርጽ፦ ለመግፈፊያ ስለቱ የጎበጠ፣ ጫፉ ሹል ያልሆነ ይምረጡ።

2. ብረት፦ ተራው የካርቦን ብረት ብዙ ጊዜ ከማይዝገው ይረክሳል፤ በቀላሉም ይሳላል። ታጥቦ ካልደረቀ ግን ይዝጋል።

3. እጀታ፦ ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ የዘለቀ ይሁን። እንጨት ደም ስለሚመጥጥ ፕላስቲክ ይሻላል።

4. መሳያ፦ ገንዘቡ ካልበቃ ከቢላው ዋጋ ቀንሰው መሳያ ድንጋይ ይግዙ። የደነዘ ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ሲበዛ እጅ ይስታል።

የበግና የፍየል ሌጦ ከተጀመረ በኋላ ቢላውን አስቀምጠው በጡጫ ያላቁ። ጡጫ ሌጦ አይበሳም።