የአህያው ቦታ

ቴአትር ማለት ሰዎች የሌላውን ሰው ወይም የአውሬን ጠባይ በልብስና በንግግር መስለው በሕዝብ ፊት የሚያሳዩት ጨዋታ ነው። በአገራችን መጀመሪያ የአማርኛ ቴአትር የጻፉ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው በሩስያ የተማሩ ሲሆኑ፥ ጨርጨርን በገዙ ጊዜ አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ፤ ከተማዪቱም ዛሬ ጭሮ ትባላለች። የቴአትራቸው ስም «ፋቡላ» ነው። የሚናገሩበት አውሬዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን የሰው ነገር፥ ይልቁንም የሹማምንት ጥፋት ነበር። ስለዚህ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. በነገሡት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። እውነት በአህያ አፍ ብትነገርም ታስቈጣለች።

ፊታውራሪ ለቴአትራቸው አብነት ያደረጉት ፈረንሳዊውን ተረት ጸሐፊ ላ ፎንቴንን ነው። ከላ ፎንቴን ተረቶች አንዱ እንዲህ ነው። በአውሬዎች ላይ ቸነፈር ወረደ። አንበሳም «ኃጢአቱ የበዛ ይሙትልን» ብሎ ሁሉን ሰበሰበ። እርሱ ራሱ በግንና እረኛን እንደ በላ ተናዘዘ፤ ቀበሮ ግን «ንጉሥ ሆይ፥ ይህ ምን ኃጢአት ነው!» አለች። አህያ ከሰው መስክ ጥቂት ሣር እንደ ቀመሰ በተናገረ ጊዜ ሁሉም ጮኹበት፤ ሞትም ተፈረደበት።

አሁን በቦኬ አራት ሽማግሌዎች ባልንጀሮች ይህን ተረት በቴአትር ለማሳየት ተስማሙ እንበል። ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ ማታ ማታ ይለማመዳሉ። ሦስቱ አንበሳ ለመሆን ተሽቀዳደሙ፤ አህያ ለመሆን የወደደ ግን ጠፋ። በመጨረሻ ብዙ ዘመን በአገር ሽምግልና የፈረዱት አራተኛው «አህያው እኔ ልሁን» አሉ።

ባልንጀሮቻቸውም «ወንድማችን፥ ልጆች ይስቁብዎታል፤ ነገ በሸንጎ ቃልዎን ማን ያከብራል?» አሏቸው።

እሳቸውም «አንበሳ ሆኜ ብዙ ጊዜ ፈርጃለሁ፤ አህያው እንዴት እንደሚቆም ግን አላውቅም» ብለው መለሱ።

ልምምዱም ተጀመረ። ሽማግሌው በጕልበታቸው ተንበርክከው ሳሉ ሦስቱ በአንድነት ጮኹባቸው። ያን ጊዜ አንዲት መበለት ትዝ አለቻቸው፤ ላሟ የሰው ማሽላ በላች ተብሎ ያለ ርኅራኄ ካሣ ያስከፈሏት ነበረች። ዝም አሉ። ፊደል የቆጠረው የልጅ ልጃቸው ከመጋረጃው ኋላ መጽሐፉን ይዞ «አባባ፥ ‹ሣሩን በልቻለሁ› ይበሉ» እያለ ቀስ ብሎ አነበበላቸው።

ሽማግሌው ግን ቃሉን አልረሱትም ነበር።