የክረምት የመጽሐፍ እቁብ፦ ስድስት ሰው፣ ስድስት መጽሐፍ

ሐምሌ ሲገባ ከተማው ቀድሞ ወደ ቤቱ ይከተታል። ተማሪው ዕረፍት ላይ ነው፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ መንገድ ይዘጋል፣ ማታው ይረዝማል። ለማንበብ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለንም። መጽሐፉ ግን ተወዷል፤ የቆዩት ደግሞ እንደ ልብ አይገኙም። ያም ሆኖ በየቤቱ መደርደሪያ ላይ አንዴ ተነብበው የተቀመጡ፣ ባለቤታቸው የሚወዳቸው መጻሕፍት ሞልተዋል። እነሱን ከእጅ ወደ እጅ ለማዞር የማውቀው ሁነኛ ዘዴ እቁብ ነው። ገንዘብም ዕጣም የለበትም፤ ተራና ዳኛ ግን አለው።

አንድ ቅጂ ለብዙ ሰው መብቃቱን የሚጠራጠር የገጣሚውንና የጋዜጠኛውን የነቢይ መኮንንን ታሪክ ያስታውስ። በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ እስረኞቹ እጅ የገባው የማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ ያውም አንድ ቅጂ። ነቢይ ወደ አማርኛ መለሰው፤ ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ትርጉሙ ከዓመታት በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እኛ ወረቀቱም፣ ብርሃኑም፣ ነፃነቱም አለን።

1. ሰዎቹን ሰብስቡ

ስድስት ሁኑ። ቁጥሩን ያለ ምክንያት አላልኩም። ከሰኔ የመጨረሻ እሑድ እስከ እንቁጣጣሽ አካባቢ አሥር ሳምንት ያህል አለ። ለአንድ መጽሐፍ ሁለት ሳምንት ከተሰጠ እያንዳንዱ ሰው አምስት መጽሐፍ ያነባል፤ የሌሎቹን የአምስቱን ማለት ነው። ሰባት ከሆናችሁ ክረምቱ ያልቅባችኋል። አራት ከሆናችሁ አንድ ሰው ሲቀር ጨዋታው ይቀዘቅዛል።

ስድስቱም አንድ ዓይነት አንባቢ አይሁኑ። ታሪክ ብቻ የሚያነቡ አንድ ጋሼ፣ ግጥም የምትወድ የቢሮ ባልደረባ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ የጎረቤት ልጅ፣ ድሮ ብዙ አንብባ ልጆች ካሳደገች ወዲህ የተወች እህት ብትሰበስቡ ጥሩ ነው። በተለይ የመጨረሻዋን አትርሷት። ንባብ የተወ ሰው ወደ መጽሐፍ የሚመለሰው ሰው ሲጠብቀው ነው።

2. የምትወዱትን አምጡ

ሕጉ አንድ ነው፦ ሁለት ጊዜ ያነበባችሁትን ወይም ሁለተኛ ልታነቡት የምትፈልጉትን መጽሐፍ ታመጣላችሁ። ሰው ያከብረኛል ተብሎ የሚመጣ መጽሐፍ ገና በሁለተኛው ተራ ይታወቃል፤ አምጪው ራሱ ስለሱ የሚያወራው ነገር ያጣል። መጽሐፉ የራሳችሁ ይሁን፤ የተዋሱትን መልሶ ማዋስ ጠብ ያመጣል።

ገጹንም ቁጠሩ። ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ በሁለት ሳምንት ሲካፈል በቀን ሃያ ገጽ ገደማ ነው፤ ሥራ ውሎ ለሚገባ ሰው ይቻላል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ለዚህ ዙር ይከብዳል። ደግሞም ብዙዎቻችን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተነው አድገናል። እሱን ለቤተሰብ የማታ ንባብ ብታስቀምጡት ይሻላል፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ያምርበታል።

ስድስቱም ልብ ወለድ እንዳይሆኑ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኔ ብጠየቅ እንዲህ እቀላቅላለሁ። ለሩጫው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»፤ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ከተሰበሰበ በኋላ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ የተነበበ መጽሐፍ ነውና እንዲህ ላለው እቁብ ባዳ አይደለም። ለታሪክ ወዳዱ ጋሼ በቴዎድሮስ ዘመን ላይ የተጻፈው የብርሃኑ ዘርይሁን «የታንጉት ምስጢር»። ጊዜ ለሌላት እናት የአዳም ረታ አጫጭር ልብ ወለዶች፣ «ማህሌት» ወይም «አለንጋና ምስር»፤ አንዱን ጨርሶ መተኛት ይቻላል። ለግጥም የፀጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ»። አምስተኛው መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን ትዝታ ከአባታቸው አንደበት እየሰሙ የጻፉት የአለቃ ለማ መጽሐፍ ነው። ይህን ያላነበበ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ የሚጠብቀውን ስለማውቅ። የቃል ጨዋታው እንዳለ ወረቀት ላይ ወርዷል፤ ሽማግሌው አጠገባችሁ ተቀምጠው የሚያወጉ ይመስላችኋል።

ስድስተኛው በሕይወት ያለ ወጣት ደራሲ መጽሐፍ ይሁን። ይህን አጥብቄ የምለው፣ አብዛኛው ደራሲያችን የኅትመቱን ወጪ ከኪሱ ከፍሎ የሚያሳትም ስለሆነ ነው። የሚያነበውና ስለ ሥራው የሚያወራለት ሰው ያስፈልገዋል።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ትልቅ ሥራ ነው፤ ለመጀመሪያው ክረምት ግን አልመርጠውም። ዝግ ብሎ መነበብ አለበት፤ ሁለት ሳምንት አይበቃውም። እቁቡ ከለመደ በኋላ ለብቻው ጊዜ ስጡት።

3. ለብዱ፣ ካርድ አስገቡ

የተለበደ መጽሐፍ ስድስት እጅ ይችላል። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ለዚህ ተስማሚ ነው። ወረቀቱን በጀርባው ዘርጉና መጽሐፉን ከፍታችሁ መሐሉ ላይ አጋድሙት። በአራቱም በኩል ሦስት ጣት ያህል ትርፍ አስቀርታችሁ ቁረጡ። መጀመሪያ የላዩንና የታቹን ትርፍ በመጽሐፉ ቁመት ልክ እጠፉት። ከዚያ ጎንና ጎኑን አጥፋችሁ ሽፋኑን በተፈጠረው ኪስ ውስጥ አስገቡ። ሙጫም ፕላስተርም መጽሐፉን አይንካ፤ ፕላስተር ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆንና ሲላጥ ሽፋኑን ይዞ ይነሳል። ከላይ ላስቲክ ጨምሩበት፤ ክረምት ነው።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ጠንካራ ካርድ ጣል አድርጉ። ስም፣ የተቀበሉበት ቀን፣ የመለሱበት ቀን ይጻፍበት። በካርዱ ጀርባ ደግሞ እያንዳንዱ አንባቢ የገጽ ቁጥርና አንድ ዓረፍተ ነገር ያሰፍራል፦ «ገጽ 112፤ እዚህ ላይ አንብቤ ቆሜ ውሃ ጠጣሁ»። መጽሐፉ ላይ መጻፍ የሚፈቀደው ባለቤቱ ከፈቀደ ነው፤ እሱም በእርሳስ፣ በኅዳጉ ላይ፣ ቀጭን መስመር ብቻ። እስክሪብቶ አይፈቀድም።

4. ተራው

ክብ ሠርታችሁ ስትቀመጡ በቀኛችሁ ያለው ሰው ክረምቱን ሙሉ የእናንተ ተቀባይ ነው፤ በግራችሁ ያለው ደግሞ ሰጪያችሁ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ሁሉም የራሱን መጽሐፍ ወደ ቀኝ ያሳልፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በእጁ ያለውን እንደገና ወደ ቀኝ። እንዲህ ሲኬድ መጽሐፎቹ በስድስተኛው ቅብብል ባለቤታቸው እጅ ይገባሉ፤ እያንዳንዱም የአምስቱን ሰው መጽሐፍ አንብቧል። ሌላ ድልድል አያስፈልግም። ማን ምን እንደያዘ ለማወቅ ማስታወሻ እንኳ አትፈልጉም።

ዳኛውን ከመካከላችሁ ምረጡ። ሥራው ቅዳሜ ማታ ለአምስቱ ደውሎ «ነገ ነው» ማለት ነው። ያልጨረሰ ሰው መጽሐፉን ይዞ አይቀርም፤ የደረሰበትን ገጽ በካርዱ ላይ ጽፎ ያሳልፋል፣ የቀረውን መስከረም ላይ ተውሶ ይጨርሳል። ይህ ሕግ ጨካኝ ይመስላል፤ አንድ መጽሐፍ ከዘገየ ግን ስድስቱም ይዘገያሉ።

መጽሐፍ የጠፋበት ሰው ይተካል። ይህን የምትነጋገሩት በመጀመሪያው እሑድ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ሳለ ነው። ከገበያ የጠፋ መጽሐፍ ከሆነ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ በለገሃር ወይም በመርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ይፈለጋል። ስልክ ሰጥታችሁ «ሲገኝ ደውልልኝ» ብትሉት የሚደውል ሻጭ አለ። ምትክ የሌለው ቅጂ፣ ለምሳሌ የደራሲው ፊርማ ያለበት ወይም የሟች አባት ስም የተጻፈበት፣ ከነጭራሹ እቁብ ውስጥ አይግባ።

5. ከዝናቡ ጠብቁት

መጽሐፉን ወደ ውጭ ከሚያይ ግድግዳ ራቅ አድርጉት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግድግዳው ራሱ ይረጥባል። መደርደሪያ ላይ አታጨናንቁት፣ አየር ይግባው። ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ መቆለፍ እርጥበቱን አብሮ መቆለፍ ነው።

ከራሰ ግን አትደንግጡ። የተጣበቁ ገጾችን በጉልበት አትለያዩ። መጽሐፉን በቁሙ ገርበብ አድርጋችሁ ውሃው ይንጠፍጠፍ። ከዚያ በየአሥር በየአሥራ አምስቱ ገጽ መካከል ሶፍት ወይም ጽሕፈት የሌለበት ንጹሕ ወረቀት አስገቡና ሲርስ ቀይሩ። ከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ አታድርጉት፤ ገጹ ይኮማተራል፣ የጀርባው ሙጫ ይሰነጠቃል። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ይድረቅ። ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው ገጥማችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት። የሻገተውን ከሌሎቹ ለዩት፤ ደርቆ ሲያልቅ ብራ በሆነ ቀን ደጅ አውጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት።

6. ጨዋታው

ቡናው ይፈላ፤ ሲኒው ግን መጽሐፍ ወደሌለበት ጠረጴዛ ይሂድ። በየእሑዱ አንድ ሰው ስላነበበው መጽሐፍ ሲናገር ከክቡ ገሚሱ ገና አላነበበውም። ስለዚህ መጨረሻውን መናገር ክልክል ነው። ታዲያ ምን ይወራል? እያንዳንዱ አንድ ገጽ መርጦ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ለምን ያን ገጽ እንደመረጠ ይናገራል። ይኸው ነው። «ወደድሽው?» ተብላ የተጠየቀች ሰው «አሪፍ ነው» ብላ ትዘጋዋለች። «የትኛው ገጽ ላይ ቆየሽ?» ብትሏት መጽሐፉን ከፍታ መፈለግ ትጀምራለች።

ታናሽ ይጀምር። ጋሼ አስቀድመው ከተናገሩ በኋላ የሃያ ዓመቱ ልጅ «እኔም እንደ ጋሼ ነው የማስበው» ብሎ ያልፋል፤ ይህ የአስተዳደግ ጉዳይ ስለሆነ አይፈረድበትም። እሱ ቀድሞ ከተናገረ ግን ጋሼ «ቆይ፣ እኔ ያነበብኩት በአብዮቱ ጊዜ ነበር፤ ያኔ እንዲህ አልታየኝም» ይላሉ፤ እቁቡ የተቋቋመውም ይህን ለመስማት ነው።

7. ርቆ ያለ ወዳጅ ካለ

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለች እህት በክቡ መቀመጥ አትችልም። እሷ በእጇ ያለውን ወይም መንገደኛ የሚያደርስላትን አንዱን መጽሐፍ ታንብብና በተራው እሑድ የመረጠችውን ገጽ በድምፅ ትላክ። በቴሌግራም የሚዘዋወረውን የተሰረቀ ፒዲኤፍ ግን አትላኩላት። አንድ ቅጂ ለስድስት ሰው ማዞርና አንድ ፋይል ለስድስት ሺህ ሰው መበተን አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ደራሲውን ከሚቀጥለው መጽሐፉ ያፈናቅለዋል።

8. የመጨረሻው እሑድ

አሁን ሁሉም ሁሉንም አንብቧል፤ መጨረሻውን ማውራት ተፈቅዷል። ለዚህ ቀን ሙሉ ከሰዓት በኋላ መድቡ፤ ሁለት ሰዓት አይበቃም። በየመጽሐፉ ካርድ እየተነበበ ይጀመር። አንድ ገጽ በሦስት ሰው ተመርጦ ከተገኘ እዚያ ላይ ቆዩ፤ ባለቤቱ ያላየው ነገር ተገኝቷል ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉም ከአምስቱ አንዱን፣ ለራሱ ሊገዛው የሚፈልገውን፣ ይሰይም። ደራሲው በሕይወት ካለ አዲሱን ቅጂ ግዙ፤ የድሮውን ደግሞ አሮጌ ሻጮች ዘንድ አብራችሁ ፈልጉት። ካርዶቹን ዳኛው ይሰብስብና ለሚቀጥለው ሰኔ ያስቀምጥ። የሚመጣው ዓመት ስድስት መጽሐፍ ከእነዚህ የተለየ መሆን አለበት፤ ከስድስቱ ሰዎችም ቢያንስ አንዱ አዲስ ይሁን።